ይጫን ወይስ ይጎተት?

ይህ ጽሑፍ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለተሰበሰቡ የብስክሌት ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ የተነሱትን ጥያቄዎችም የማስታውሳቸውን ያህል ጨምሬያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ! እንዲህ ያለ ፀሐይ ወጥቶ፣ ብስክሌት መንዳት እየቻላችሁ፣ ስለ ብስክሌት ወሬ ልትሰሙ መምጣታችሁ ይገርመኛል። ብዙ አላቆያችሁም።

ስትገቡ በሩ አጠገብ የተደገፈችውን ነገር አይታችኋል። ዝቅ ያለች፣ ረዘም ያለች፣ ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ጎማ ያላት፣ ቢጫ ቦርሳ የታቀፈች። አንድ ጋሼ «የልጅ ጋሪ ናት እንዴ?» ብለውኛል። አንዲት እህት ደግሞ «በዚህ ነው ምግብ የምታደርሰው?» አለችኝ። በዚህ ከተማ የስንቶቻችን እንጀራ በማድረስ እንደተጋገረ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው ቦታውን አልሳተም። ግን አይደለችም። ተሳቢ ናት። ቃሉን ከከባድ መኪና ሾፌሮች ተውሼ ነው። በጅቡቲ መንገድ የሄደ ሰው ያውቃል፤ መኪናው አለ፣ ከኋላው ደግሞ በራሱ ጎማ የሚሄድ ተሳቢ አለ። ይቺም እንደዚያው ናት። ሞተሩ እኔ መሆኔ ነው ልዩነቱ።

ዛሬ የማወራችሁ ባለፈው ዓመት ጁን ላይ ከጆርጅታውን ተነስቼ እስከ ከምበርላንድ፣ ከዚያም ጥቂት ዳገት ወጥቼ ስለተመለስኩበት ጉዞ ነው። ዋናው ጉዳዬ ጭነቱ ነው። መንገዱ ካልተነሳ ግን ጭነቱም አይገባም።

ጆርጅታውን ሄዳችሁ ከኤም ስትሪት ወደ ወንዙ ስትወርዱ የምታገኟትን ቦይ ታውቋታላችሁ። ግማሾቻችሁ የሠርግ ፎቶ ተነስታችሁባታል። የት ድረስ እንደምትሄድ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ትባላለች። ከፖቶማክ ወንዝ ጎን ለጎን 184.5 ማይል፣ ማለትም 297 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄድና ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ ላይ ታልቃለች። ቁፋሮው የተጀመረው በፈረንጆቹ ጁላይ 4 ቀን 1828 ነው። በዚያው ቀን የተፎካካሪዋ የባቡር ሐዲድ ሥራም ባልቲሞር ላይ ተጀመረ። ባቡሩ ከምበርላንድ የገባው በ1842 ነው። ቦይዋ የደረሰችው በ1850 ነው። ስምንት ዓመት ተቀደመች። በስሟ ውስጥ ያለው ኦሃዮ ወንዝ ጋ መድረስም ሕልም ሆኖ ቀረ። እንዲያም ሆኖ እስከ 1924ቱ ጎርፍ ድረስ ድንጋይ ከሰል ስታመላልስ ኖራለች።

ጀልባውን የሚጎትተው በቅሎ ነበር። ዛሬ ብስክሌት የምንነዳበት የቦዩ ዳር መንገድ የበቅሎዎቹ መንገድ ነው። ሁለት ወይም ሦስት በቅሎ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ እየነዳቸው፣ በረጅም ገመድ 120 ቶን ያህል ከሰል የጫነ ጀልባ ይስባሉ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በቅሎ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። አያቴ ቤት አንዲት ነበረች። አንድ ኩንታል ጤፍ ሲጫንባት ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጋድማለች፤ ከዚያ በላይ ከተጨመረባት ማን እንደጨመረባት ታስታውሳለች። ሦስት በቅሎ ብንጭን ሦስት ኩንታል ነው። እዚህ ግን ሦስቱ ከ1000 ኩንታል በላይ ይዘው ይሄዱ ነበር። በቅሎዋ ያው በቅሎ ናት። የተለወጠው ክብደቱ ያረፈበት ቦታ ነው። ጀርባዋን ትቶ ውሃው ላይ አረፈ። የእሷ ሥራ መሳብ ብቻ ሆነ።

ተሳቢ ማለት ለእኔ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ሌላውን መንገድ ነው። ከኋላ ጎማ በላይ ፖርቶ መጋላ ታስራላችሁ፣ ግራና ቀኝ የጎን ቦርሳ ታንጠለጥላላችሁ፣ ድንኳኑን ከላይ ትጨምራላችሁ። እኔም አራት ዓመት እንዲያ ነው የተጓዝኩት። ጥሩ ነው፣ አላማውም። ግን እኔ ቀጭን ሰው አይደለሁም፤ ከእኔ ጋር 25 ኪሎ ዕቃ ሲደመር አብዛኛው ሸክም የሚያርፈው የኋላ ጎማ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ የጎማ ሽቦ ተበጥሶብኛል። ሁለቱም ጊዜ በማርሹ በኩል። ይህ የሚሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ በማርሹ በኩል ያሉት ሽቦዎች ከሌላው ወገን ይልቅ የተወጠሩ ናቸው። ችግሩ እዚያ ሲበጠስ ማርሹን ሳይፈቱ መቀየር አይቻልም። የማርሽ መፍቻ ይዞ የሚዞር ሰው ደግሞ ስንት ነው? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ጎማዬ ቢሰማው ያለቅስ ነበር።

እናም ያገለገለች ተሳቢ ገዛሁ። ቦብ ያክ ትባላለች። ቦብ የሆነ ሰው ስም መስሎኝ ነበር። ለካ በእንግሊዝኛ «የጭነት ከብት» የሚለው አባባል በምህጻር ሲጻፍ ነው። ያክ ደግሞ የሂማላያው ጠጉራም በሬ ነው። ጎርባጣ መንገድ ላይ ንዝረቱን የሚያለዝብ ሞላ ያላት ታላቅ እህት አለቻት፤ የእሷ ስም አይቤክስ ነው። ማለትም የዋልያ ዘመድ! በአገር ፍቅር ተነሳስቼ ዋልያዋን ፈለግኩ፣ ዋጋዋን አይቼ ያኳን ገዛሁ።

አሠራሯ ቀላል ነው። ከፊት ሁለት ክንድ አላት። ክንዶቹ የብስክሌቱን የኋላ ጎማ ግራና ቀኝ አቅፈው ጎማው የታሰረበት መሀል ብረት ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለት ትናንሽ መቆለፊያዎች አሏት። ልማድ ካደረጋችሁት ማሰሪያው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ባዶዋን 6 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። የምትችለው 32 ኪሎ ነው። ጎማዋ 16 ኢንች ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ ያስለቅሰኛል።

ሌሎች ዓይነቶችም አሉ። ባለ ሁለት ጎማ አለ፤ የኦሪገኑ የበርሊ ፋብሪካ የሚሠራው ኖማድ የሚባለው 45 ኪሎ ይጭናል። ስትፈቱት ሳይወድቅ ይቆማል፤ ገበያ ለመሄድ፣ ከሱቅ ውሃ በካርቶን ለማምጣት ከእኔዋ በጣም ይሻላል። ግን የበቅሎው መንገድ ላይ አልመክረውም። እዚያ መንገዱ ብዙ ቦታ ሁለት የተረገጠ መስመር ነው፣ መሀሉ ሣር። እናንተ በአንዱ መስመር ስትሄዱ ከተሳቢው ሁለት ጎማዎች አንዱ ሣሩ ላይ፣ ሌላው ዳሩ ላይ ይንገዳገዳል። ባለ አንድ ጎማዋ ግን የእናንተን ዱካ ተከትላ ትመጣለች። ኤክስትራዊል የሚባል የፖላንድ ሥሪትም አለ፤ ትልቅ የብስክሌት ጎማ ነው፣ ቦርሳዎቹ በግራና በቀኙ ይንጠለጠላሉ። ያን ጊዜ አልገባኝም እንጂ፣ የሠራው ሰው አዋቂ ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ትሰማላችሁ።

ወደ ጉዞው። በመጀመሪያ የምናዘዘው ጥፋት ስንቅ ላይ ነው። የጎን ቦርሳ ጠባብ ስለሆነ ይገስጻል። ተሳቢ ግን አይገስጽም፤ «ይህንንስ?» ስትሉት «አምጣ» ይላል። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ። እስከዚህ ደህና። ከዚያ የሚታጠፍ ወንበር። ከዚያ ስድስት ሲኒ። ብቻዬን ነው የምሄደው! ስድስት ሲኒ ለማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጀበናዋ በፎጣ ተጠቅልላ መሀል ገባች። የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ላይ ሳወጣው 38 ኪሎ። ባለቤቴ ሳቀች። «ለስድስት ቀን ነው ወይስ ለስደት?» አለች። ወንበሩ፣ አምስቱ ሲኒ፣ ሁለት ጂንስ ሱሪ ተመለሱ። ጀበናዋ ግን ሄደች። 29 ኪሎ ይዤ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንግዳ ስሜት አለው። ብስክሌቱ ራሱ ቀላል ነው፣ መሪው አይከብድም፣ ከኋላ ግን የሆነ ሰው ሸሚዛችሁን ይዞ የሚከተላችሁ ይመስላል። ፔዳል በመታችሁ ቁጥር ትንሽ ጎተት፣ ትንሽ ለቀቅ። ቆማችሁ ብትመቱ ደግሞ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ተቀምጦ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ ረጋ ብሎ መሄድ ነው። ግሬት ፎልስ ስደርስ ተሳቢዋን ረስቻት ነበር። መርሳቱም አደጋ አለው። ፍሬን ስይዝ ትዝ ትለኛለች፤ የራሷ ፍሬን የላትምና ከኋላ ትገፋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማቆም የምፈልግበት ቦታ ከመድረሴ በፊት ነው ማቆም የምጀምረው።

የዚህ መንገድ በረከቱ ማደሪያው ነው። ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ብቻ የተተወ፣ ነፃ የሆነ የድንኳን ቦታ በየጥቂት ማይሉ አለ። የእጅ ውሃ ፓምፕ፣ ጠረጴዛ፣ የእሳት ቦታ፣ የፕላስቲክ መጸዳጃ። በብርዱ ወራት ፓምፖቹ ይዘጋሉ፤ በሙቀቱ ወራት ግን ይሠራሉ። ይህ ሁሉ ዛሬ አስፋልት ሊሆን ይችል ነበር። በ1950ዎቹ ቦይዋ ላይ የመኪና መንገድ ሊሠራ ታስቦ ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በ1954 መንገዱን ከከምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን በእግራቸው ሄደው ሰዉን አነሳሱ። በ1971 ብሔራዊ ፓርክ ሆነች። የመጀመሪያው ሌሊት ጀበናዬን ጥጄ እያለ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ብስክሌቱን አቁሞ የሚጨሰውን አየ። ትርፍ ሲኒ አልነበረኝም። ባለቤቴን በልቤ ወቀስኳት።

ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ተሳቢ የማይወደውን ነገር አገኘሁ፤ ደረጃ። የበቅሎው መንገድ በሜሪላንድ በኩል ነው፣ ከተማዋ ከወንዙ ማዶ ናት። ለመሻገር የብረት ደረጃ ወጥቶ ድልድዩን መያዝ ነው። የጎን ቦርሳ ያለው ሰው ብስክሌቱን አንከርፍፎ ይወጣል። እኔ መጀመሪያ ቦርሳውን፣ ቀጥሎ ተሳቢዋን፣ ቀጥሎ ብስክሌቱን። ሦስት ምልልስ። ከዚያ ከላይ ቁጭ ብዬ ውሃ ጠጥቼ፣ ከተማዋን ካየሁ በኋላ ያንኑ ሦስት ምልልስ ወደ ታች። ደረጃ የሚበዛበት ጉዞ ያለው ሰው ተሳቢ አይግዛ። ፎቅ ላይ ያለ አሳንሰር የሌለው አፓርታማ ውስጥ የሚኖርም እንደዚሁ ያስብበት።

አሁን ወደ 16 ኢንቹ ልምጣ።

አራተኛው ቀን ነው። ሊትል ኦርሊንስን አልፌያለሁ። ጫካ ነው፤ በግራ ወንዙ፣ በቀኝ ገደሉ፣ ስልኬ ላይ ኔትወርክ የለም። ድንገት ከኋላዬ «ጭው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብስክሌቱ አሸዋ ውስጥ የገባ ያህል ከበደ። ወርጄ አየሁ። የተሳቢዋ ጎማ ጎኑ ላይ ተሰንጥቋል፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል። ካላማዳሪው በስንጥቁ አብጦ ወጥቶ ፈንድቷል። ጎማው ከተሳቢዋ ጋር አብሮ የመጣ አሮጌ ጎማ ነው፤ ፀሐይ የበላው።

አልደነገጥኩም። ይህን ፈርቼ ትርፍ ጎማም ትርፍ ካላማዳሪም ገዝቻለሁ። አንድ ሱቅ ገብቼ «16 ኢንች ጎማ» ብያለሁ፣ ሻጩም «ይኸው» ብሎኛል። ኩራት እየተሰማኝ ቦርሳዬን ፈታሁ። አዲሱን ጎማ አውጥቼ ቸርኬው ላይ አደረግኩት። ገባ። ያለምንም ትግል ገባ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት፤ ጎማ እንዲያ በቀላሉ አይገባም። የአባቱን ኮት የለበሰ ልጅ ይመስላል። ሦስት ጊዜ አውጥቼ አስገባሁት። በመጨረሻ ተንበርክኬ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ጥቃቅን ቁጥር አነበብኩ። 349 ይላል። አሮጌውን አገላበጥኩት። 305።

ይህን ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ ውጡ። «16 ኢንች» ተብሎ የሚሸጥ ጎማ አንድ ዓይነት አይደለም። ጎኑ ላይ ያለው ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ጎማው የሚያርፍበት የቸርኬ ልክ ነው፣ በሚሊ ሜትር። በ349ኙና በ305ቱ መካከል 44 ሚሊ ሜትር አለ። ሻጩ ቢጠይቀኝ ጥሩ ነበር። እኔም ባነብ ጥሩ ነበር። የፖላንዱን ሠሪ ያደነቅኩት እዚያ ነው፤ የእሱ ተሳቢ የብስክሌቱን የራሱን ጎማ መጠን ስለሚይዝ አንድ ዓይነት ትርፍ ለሁለቱም ይሆናል።

ታዲያ ምን ላድርግ? ትርፍ ካላማዳሪ አለኝ። ጎማው ግን ቀዳዳ ነው፤ አዲሱን ካላማዳሪ ባስገባ በዚያው ስንጥቅ ያብጥና ይፈነዳል። ከውስጥ በኩል የሚደገፍበት ጠንካራ ነገር ያስፈልጋል። የበሶውን ላስቲክ አየሁት፣ ይለጠጣል። ካርታ አየሁ፣ ይቀደዳል። ከዚያ የኪስ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ለማስታወሻ የያዝኳት አንዲት አሮጌ 10 ብር ነበረችኝ። ኖቱ በ2020 ሲቀየር መመንዘሪያው ጊዜ ያለፈባት፣ ምንም የማትገዛ። በአንድ በኩል ስፌት የምትሰፋ ሴት፣ በሌላው በኩል ትራክተር አለባት።

አራት ጊዜ አጠፍኳት። ከጎማው ውስጥ፣ ስንጥቁ ላይ አደረግኳት። ካላማዳሪውን ቀስ አድርጌ ትንሽ ነፋሁት፣ እንዳትንሸራተት በጣቴ ይዤ ጎማውን ቸርኬው ላይ መለስኩ። ከዚያ ፖምፓውን ያዝኩ። አሥር ጊዜ ነፍቼ ጆሮዬን አስጠጋለሁ። አሥር ጊዜ ነፍቼ አያለሁ። በስንጥቁ በኩል የትራክተሩ ጎማ ይታየኛል። ሙሉ አልነፋሁትም። የያዝኩትን ውሃ ግማሹን ደፋሁ፣ ከባዱን ምግብ ጀርባዬ ላይ አዘልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳቢ እያለኝ ራሴ በቅሎ ሆንኩ።

በዚህ ሁኔታ ፓው ፓው ደረስኩ። እዚያ ለቦይዋ ሲባል ተራራ ተፈልፍሎ የተሠራ ዋሻ አለ፤ 950 ሜትር ርዝመት። ከ1836 እስከ 1850 ነው የፈጀው። ውስጡ መብራት የለም፣ የበቅሎው መንገድ ጠባብ ነው፣ ከብስክሌት ወርዶ መግፋት ነው። መሀል ላይ ስደርስ ከወዲያ መብራት ይዘው የሚመጡ ባልና ሚስት አገኘሁ። ተሳቢ ወደ ኋላ አይሄድም። ሞክሩት፤ ወዲያው ይታጠፋል፣ እንደ ተሳቢ መኪና። በጨለማ ውስጥ ፈታኋት፣ ከብስክሌቱ ጎን በቁሟ ግድግዳው ላይ አስደገፍኳት፣ እነሱ ሆዳቸውን ስበው አለፉ። ሰውየው «ውሻ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቢጫው ቦርሳ በጨለማ ምን እንደመሰለው እንጃ።

ከምበርላንድ ከሊትል ኦርሊንስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 10 ብሯ አደረሰችኝ። ትክክለኛውን ጎማ ያገኘሁት የት መሰላችሁ? የልጆች ብስክሌት ከሚሸጥበት። 305 የልጆች 16 ኢንች ብስክሌት ጎማ ነው፤ የትም ይገኛል።

እዚህ ላይ ጉዞው ቢያልቅ ተሳቢን አመስግኜ እቀመጥ ነበር። ግን በማግሥቱ ዳገቱን ልሞክር አልኩ። ከምበርላንድ ላይ ሌላ መንገድ ይጀምራል፤ እስከ ፒትስበርግ 150 ማይል የሚሄድ፣ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የሚባል። የቀድሞ የባቡር መስመር ነው። ከከምበርላንድ ወደ 24 ማይል ስትወጡ የውሃ መለያው ጋ ትደርሳላችሁ፤ ከወዲህ ያለው ዝናብ ወደ አትላንቲክ ይሄዳል፣ ከወዲያ ያለው ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ። ከፍታው 729 ሜትር ነው። 540 ሜትር ያህል ትወጣላችሁ ማለት ነው። የባቡር መንገድ ስለሆነ ዳገቱ ለስላሳ ነው፤ ግን አያባራም።

የበቅሎዎቹ ነገር የገባኝ እዚያ ነው። በቅሎዋ 120 ቶን ሳበች ስንል ዳገት አላወጣችውም። ቦይዋ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ያንን ከፍታ ያወጣው ውሃው ነው። ሎክ የሚባሉ 74 ባለ በር የውሃ ክፍሎች ነበሩ፤ ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃ ይሞላል፣ ጀልባው ይነሳል። በቅሎዋ ቆማ ትጠብቃለች። እኔ ሎክ የለኝም። ዳገት ደግሞ ይጫን ይጎተት አይጠይቅም፤ የሚቆጥረው ኪሎ ብቻ ነው። እንዲያውም ተሳቢዋ ከፖርቶ መጋላና ከጎን ቦርሳ ጋር ስትነጻጸር ሁለት ሦስት ኪሎ ትበልጣለች። «ተሳቢ ዳገት ያቀላል» የሚላችሁ ሰው ካለ ሊሸጥላችሁ ነው።

ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀብኝ። ቢግ ሳቬጅ የሚባለውን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ አለፍኩ፣ ውሃ መለያው ላይ በሶ በጠበጥኩ፣ ተመለስኩ።

ቁልቁለቱ ላይ ሌላውን ጥፋቴን ሠራሁ። በሶ ስበጠብጥ ቦርሳውን ፈትቼ ነበር። መልሼ ሳስር የውሃ ጀሪካኑን ከላይ፣ ከኋላ ጫፍ በኩል አሰርኩት። ስቸኩል። ፍጥነቱ ሲጨምር ብስክሌቱ ከወገቤ በታች መወዝወዝ ጀመረ። መጀመሪያ ነፋስ መሰለኝ። ከዚያ ተሳቢዋ ጭራዋን እንደምትቆላ ውሻ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ፍሬኑን ጨምቄ ልያዝ ፈለግኩ። እግዜር ይስጠውና የሆነ ነገር ከለከለኝ። የፊቱን ፍሬን ጨምቃችሁ ብትይዙ ተሳቢዋ ከጎን ትደርሳለች። ፔዳሉን ተውኩ፣ የኋላውን ብቻ በጥቂቱ ያዝኩ፣ መሪውን ሳላጠብቅ ቀጥ አድርጌ ጠበቅኩ። ቀስ በቀስ ረጋ። ቆሜ እጄን ሳይ ይንቀጠቀጣል። ጀሪካኑን አውጥቼ ከታች፣ ከፊት፣ ወደ ብስክሌቱ ጠጋ አድርጌ አሰርኩት። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ምንም አልነቃነቀችም። የእሷ መመሪያ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዳ ይላል። እኔ አሁን 30 ላይ ነው የማቆመው። ከባዱ ዕቃ ታች፣ ከባዱ ዕቃ ፊት። ይህን የአገራችን ጫኝና አውራጅ ሁሉ ያውቃል።

የአክስቴ ልጅ ከምበርላንድ ላይ በቫን ጠበቀኝ። ቦርሳውን፣ ተሳቢዋን፣ ብስክሌቱን ጫንን። ጀበናዋ ደህና ነበረች።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር።

አንዲት እህት «ልጄን ላስቀምጥባት እችላለሁ?» አለች። አይቻልም። የልጅ ተሳቢ ሌላ ነው፤ ቀበቶ፣ ከለላ፣ ቢገለበጥ የሚጠብቅ ብረት አለው። ይቺ ለዕቃ ናት። በቀልድም ቢሆን ሰው አይቀመጥባት።

አንድ ወጣት ብስክሌቱ አዲስ ዓይነት መሆኑን፣ የኋላ ጎማው ተጠምዝዞ በሚገባ ወፍራም ብረት እንደሚታሰር ነገረኝ። ለእንዲህ ዓይነቱ ተሳቢ የሚያያዝበት ለብቻው የተሠራ ብረት ይሸጣል፤ ግን ርዝመቱንና የጥርሱን ዓይነት ለክቶ መግዛት ነው። ስለ ጎማው የነገርኩህን አስታውስ አልኩት። የካርቦን ብስክሌት ከሆነ ግን ተወው፤ መጀመሪያ የሠራውን ፋብሪካ ጠይቅ።

በሩ ላይ የልጅ ጋሪ ናት ያሉት ጋሼ «አገር ቤት ይዤያት ብሄድስ?» አሉ። የት እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው። «ከአዲስ አበባ ጎጃም» አሉ። ጋሼ፣ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሌለው 30 ኪሎ ከኋላዎ ሲገፋዎ፣ ከዚያ ኋላ ደግሞ እውነተኛው ተሳቢ ጡሩምባ ሲነፋ ይታይዎታል? ሳቁ። ባሕር ዳር ውስጥ ግን ሌላ ነው አልኳቸው። ሜዳ ነው፣ ሰዉም ብስክሌት ያውቃል። ገበያ ደርሶ ለመመለስ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ባለ ሁለት ጎማው ይሆናል እንጂ የእኔዋ አይደለችም።

መጨረሻ ላይ ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። «ብሩ አሁንም ጎማው ውስጥ አለ?» አለኝ።

የለም፤ አውጥቼዋለሁ። ይኸው። የጎማውን ቅርፅ ይዟል፣ ቀጥ አልል ብሏል። ሴትዮዋ ያለችበት በኩል ጠቁሯል፤ ትራክተሩ ግን ደህና ነው። እያያችሁ አስተላልፉት፣ ብቻ መልሱልኝ።